ለበሶብላ የሚሆን አሲድ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከሥራ ገብቼ እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅያለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ፣ ከኬንቲሽ ታውን አውቶቡስ ቀያይሮ ሂትሮው መድረስ... ከዚያ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ሰላጣ በትንንሽ ሳህን ሲደረድሩ መዋል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ቆየሁ። አብራኝ የምትሠራው ሰቢሃ «ሰላጣው ይበርራል፣ እኛ እዚሁ ነን» ትላለች። እውነቷን ነው።

መውጫው ግን ታይቶኛል። ትርፏ ክፍል ውስጥ በሶብላ አለኝ። አፈር የለ፣ ጓሮ የለ። ውሃ የሞላባቸው ሳጥኖች፣ ትንሽ ማዳበሪያ፣ ከላይ ሐምራዊ መብራት። ባሌ ኃይለልዑል በስሜ «የብፅዓት ላቦራቶሪ» ይለዋል። ይበል። ስትሪትሃም ምግብ ቤት ያላት ሮማንወርቅ ያለችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ደረቁንማ የትም አገኛለሁ። እርጥቡን ለፋሲካ አምጪልኝ። ካማረኝ በየሳምንቱ ካንቺ እወስዳለሁ።» በየሳምንቱ ከወሰደች የሌሊቱን ሺፍት እተዋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም። እስኪነጋ መተኛት ብቻ።

ታዲያ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ። ውሃ አለው፣ ማዳበሪያ አለው፣ መብራት አለው... ምን ጎደለው?

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ጥፋቱ የኔ አይደለም። የለንደን ውሃ ነው። ኬትላችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው ኖራ ሳጥኖቼም ውስጥ አለ። አንብቤ አንብቤ የገባኝ ይህ ነው፦ ኖራ ሲበዛ የውሃው አሲድነት ይቀንስና ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ተክሉ ከማዳበሪያው ውስጥ ብረቱን መውሰድ ያቅተዋል። ማዕዱ ቀርቧል፣ አፍ ግን ተለጉሟል። መመርመሪያ ጠብታ ገዛሁ። ሰማያዊ ካሳየ በዝቷል፣ ቢጫ ካሳየ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ ከልኩ ወርዷል። የኔው ሰማያዊ። ድብን ያለ ሰማያዊ።

ወደ ታች ለማውረድ አሲድ ያስፈልጋል። የትኛው አሲድ? ስለ አሲድ የማውቀው ዜና ላይ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ እሱም ደግ ነገር አይደለም።

እራት ላይ ኃይሌ ሹካውን አስቀመጠ። «የእማዬ ቪዛ ወጣ።» ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ክፍሏን እናዘጋጅላት» አለ። የትኛውን ክፍል? ያለን ትርፍ ክፍል አንድ ነው። እሱም ተይዟል።

ክርክሩ አልረዘመም። ሳጥኖቹ እስከ ፋሲካ ከአማቴ ጋር ይቆያሉ። እስከዚያ ካላማረባቸው ይወጣሉ። «እናቴን ጎርፍ ውስጥ አላስተኛትም» ይላል። የምን ጎርፍ? የፈሰሰው አንዴ ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

አገኘሁት። ለዚያውም በነጻ።

አሲድ ማለት የኮመጠጠ ነገር አይደል? የኮመጠጠ ፍለጋ ሱቅ ምን ያስኬደኛል፣ ቤቴ ሞልቶ። የእንጀራው ሊጥ ላይ የጠለለውን እርሾ በጭልፋ ቀዳሁና ለየሳጥኑ አከፋፈልኩ። ጠብታውን ሞከርኩ... ቢጫ። ፈረንጅ ይሄን አያውቅም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ፈረንጅ የማይሞክረው በምክንያት ነው።

ክፍሉ ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። ውሃው አረፋ ደፈቀ። ትንንሽ ዝንቦች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ በየካቲት ብርድ። ሥሩን ሳወጣው እንደ ራሰ ተልባ ያሙለጨልጫል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን እንዴት ረሳሁ? ሊጥ የሚያቦካ ነገር ለሥር ይራራል? ግማሹን ደፋሁት። የተረፈውን አጥቤ እንደገና ተከልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔማ የለቀምኩትም የለ።

ኃይሌ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

የኃይሌ ጓደኛ ካሳዬ መጣ። እዚህ ታክሲ ይነዳል፤ አገር ቤት ጋራዥ ነበረው። ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም። የውሃዬን ነገር ሲሰማ ወደ መኪናው ወርዶ አንድ ሃይላንድ ይዞ ተመለሰ። ያው የውሃ ፕላስቲክ፣ እስከ ግማሽ ድረስ የሆነ ነገር ያለበት።

«ምንድነው?»

«የባትሪ አሲድ። ጠብ አድርጊበት፣ ውሃሽ ቀጥ ይላል።»

«አደጋ የለውም?»

«ስንት ዘመን በእጃችን ስንሞላው ኖርን። ምን ሆንን?»

እጁን ሲዘረጋ አውራ ጣቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ አየሁ። ማየቴን አየ።

«ይሄ ሌላ ነው» አለ።

ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ ይመስላል። ከውሃ ምንም አይለይም።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ያ ጠርሙስ እንቅልፍ ነሳኝ። ካለኝ እንቅልፍ ላይ።

አነበብኩ። የባትሪው ሰልፈሪክ ይባላል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረትም አለበት። ለሰው በማበላው ቅጠል ላይ እርሳስ? ውሃ ከላይ ከተጨመረበት ደግሞ ፈልቶ ይረጫል፤ ማናቸውም አሲድ ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይገባም። ካሳዬ ይሄን ነግሮኛል? አልነገረኝም።

ካውንስል፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ደወልኩ። እንዲህ ያለውን የሚወስዱ ሰዎች አሏቸው፣ ቀጠሮ ሰጡኝ። ካሳዬን ምን እለዋለሁ? ጨረስኩት እለዋለሁ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ወሰዱት። ሰውየው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አየና «ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም» ብሎ እንደ ልጅ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። እኛ ሃይላንድ ውስጥ የማናስቀምጠው ነገር አለ? ዘይት፣ ጋዝ፣ አረቄ...

ከእንግዲህ ደንቤ አንድ ነው። አሲዱን ከመግዛቴ በፊት፦ ሰው ቢጠጣው ምን ይሆናል? ክፍሉ ሰው ሊያድርበት ነው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ኮምጣጤ ሞከርኩ። ዛሬ ቢጫ፣ በነጋታው ሰማያዊ። ሽታው ደግሞ ሰላጣ ሰላጣ። የሰላጣ ሽታ ከሥራ ይበቃኛል።

ሎሚ... ቡጫቂው ይሻግታል። የእርሾውን ያየ ልብ ሁለተኛ አይሞኝም።

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ለተክሉም ምግብ ይሆናል፣ አንዴ ካስተካከሉት ፒኤቹ ብዙ አይነቃነቅም። ኃይሌ «እሱን ግዢና ተገላገይ» አለ። ግን ሳይቀጥን ያቃጥላል። ቢጠጣስ? ደንቤን ይጥሳል።

ሰቢሃ ናት የገላገለችኝ። ሥራ ቦታ ኪችን ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ላይ የጋገረውን ኖራ የምናለቅቅበትን ነጭ ዱቄት አሳየችኝ። ሲትሪክ አሲድ። «ልጆቼ የሚልሱት ኮምጣጣ ከረሜላ ላይ የሚነሰነሰው እኮ ይሄው ነው» አለች። አነበብኩ፤ እውነት ነው። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ይለበልባል እንጂ በውሃ ሲቀጥን ሎሚ ማለት ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፣ አይቆይም። ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል መሰለኝ፣ ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ ሰማያዊው ይመለሳል። ሰነፍ አሲድ። በየቀኑ የሚጎተጉተው ሰው ይፈልጋል።

እኔ እቤት በሌለሁበት ማን ይጎተጉተዋል? እንጃ። ግን እሱን ገዛሁ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

አማቴ ወይዘሮ ውባንቺ ገቡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ እንኳ አልተጨማደደም። ጉልበት ስሜ ቀና ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ። «ከሳሽ» አሉ። ሌላ ነገር የለም።

ክፍላቸውን አሳየኋቸው። ሐምራዊው መብራት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«በሶብላ ነው እማማ።»

ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ገለበጡ። «ታሟል» አሉና ሻንጣቸውን መፍታት ጀመሩ።

ቪዛቸው የስድስት ወር ነው። ደግ ሴት ናቸው። ግን እሳቸው አገር ቤት ሲመለሱ ያቺን ግድግዳ በመደርደሪያ ብሞላት... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ መሄጃቸውን ቆጠርኩ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ቢጫ ካደረግሁት ከሥራ ስመለስ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ይጠብቀኛል። እጨምራለሁ። እንደገና ይሄዳል። አማቴ ጾም ላይ ናቸው። ከንጋት ጀምሮ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ፣ በመሀል ያዩኛል። ዛሬ ጠየቁ።

«ምን እያደረግሽው ነው?»

አሳየኋቸው። ውሃ በብልቃጥ፣ ሁለት ጠብታ፣ ነቅነቅ። ሲትሪኩን በሃይላንድ በጥብጬ መስኮቱ ሥር ስለማስቀምጥ ከዚያ ትንሽ ትንሽ። ዱቄቱ ጋ ብቻ እንዳይደርሱ አልኳቸው።

«አንዴ አድርገሽ አይበቃም?»

«ሰነፍ ነው እማማ። በየቀኑ ካላዩት ይተኛል።»

«እንደ ኃይሌ» አሉ። ሳቅኩ። ያልጠበቅሁት ሳቅ ነው።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ዛሬ ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ክዳን ጨምሬበታለሁ።»

ማን አዘዛቸው? ሞከርኩት። ቢጫ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

አዲስ ቅጠል። አረንጓዴ፣ ለምለም፣ ዳር እስከ ዳር።

ሽሮው ጨው በዝቶበታል አሉኝ። ይሁን።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ልጻፈው፣ ሌላ የምነግረው የለኝም።

ዛሬ ዕረፍቴ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን አማቴ ጠበል በሃይላንድ ቀድተው አመጡ። እንደ ሁልጊዜው በባዶ ሆዳቸው ጠዋት ጠዋት ይጎነጫሉ። ጠበሉን የት አስቀመጡት? መስኮቱ ሥር። ከሲትሪኩ ጎን። ሁለት ሃይላንድ፣ ሁለቱም ጥርት ያለ ውሃ። ያ ከካውንስል የመጣው ሰው ተቆጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን የተማርኩት ስለ ካሳዬ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ሻይ ይዤ ስገባ አማተቡና አንስተው ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዋጡት። ከዚያ... ደግመው ተጎነጩ።

«እማማ፣ ይትፉት! ይትፉት!»

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ጠበል ይተፋል እንዴ?»

ሻዩ ከእጄ ወደቀ። ጠርሙሱን ነጠቅኳቸው፣ በውሃ አፋቸውን አጉመጠመጥኳቸው፣ ስልክ አንስቼ የጤና ምክር መስመሩን፣ አንድ አንድ አንድን፣ ደወልኩ። ነርሷ ረጋ ብላ ጠየቀች። ምን ነበረበት? ሲትሪክ አሲድ። ምን ያህል? በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ። ማስታወክ አለ? የለም። ሕመም? «ጥርሴ ጠርሷል በያት» አሉ አማቴ። ነርሷ የሳቀች መሰለኝ። «የሎሚ ጭማቂ እንደጠጡ ይቁጠሩት። ውሃ ይጠጡበት። ሌላ ነገር ከታየባቸው መልሰሽ ደውዪ።»

ኩሽና ገብቼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የባትሪው ቢሆን ኖሮስ? ጠበል አይተፋም። ያንንም ይውጡት ነበር። ያንንም አማትበው ይደግሙት ነበር።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ለኃይሌ ራሴ ነገርኩት። መደበቅ አልቻልኩም። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። አልጮኸም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ገባና አንዱን ሳጥን አነሳ። «ፋሲካ አልጠብቅም። ዛሬ ይወጣል።» እናቱ ናት። አልከለከልኩትም። ያ ሁሉ የሌሊት አውቶቡስ በዓይኔ ሄደ፣ አሁንም አልከለከልኩትም።

«አስቀምጠው» አሉ አማቴ ከአልጋቸው።

«እማዬ፣ አሲድ ነው እኮ የጠጣሽው።»

«ሎሚ ነው የጠጣሁት። ይህቺ ልጅ ከመግዛቷ በፊት ሰው ቢጠጣው ብላ አስባ ነው የገዛችው፤ ነግራኛለች። አንተ ግዢ ያልካትን ገዝታ ቢሆን ዛሬ በማን ትቆጣ ነበር?»

ኃይሌ ሳጥኑን እንደያዘ ቀረ። ውሃው ካልሲው ላይ ፈሰሰ።

«ደግሞ ክፍሉ የእማዬ ነው ብለሃል አይደል? እንግዲህ ከክፍሌ ምንም አይወጣም።»

አስቀመጠው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ሲትሪኩን ወደ ወፍራም ባለክዳን የማር ብርጭቆ አዛወርኩ፣ በትልቁ ጻፍኩበት፣ ከመስኮቱ አርቄ ኩሽና ላይኛው መደርደሪያ ላይ። ከሥራ ስመለስ የጠበሉ ሃይላንድ አንገት ላይ ጥቁር ክር ታስሮበታል። ማተብ።

«መነጽሬ ሁልጊዜ አይገኝም» አሉ እማማ። «ክርስቲያኑ ይሄኛው ነው።»

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለሮማንወርቅ አደረስኩ። ጠዋት ሁለታችንም ቆረጥን፤ እማማ ግንዱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለሉ፣ እኔ ካርቶን ውስጥ እየደረደርኩ። አውቶቡሱ ላይ ፎቅ ወጥቼ ካርቶኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ስልኳን አስቀምጣ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች። ገና ስትሪትሃም ሳንደርስ።

ሮማንወርቅ አንዱን እቅፍ አንስታ አፍንጫዋን ቀበረችበት። ቆየች። ቀና ብላ «ረቡዕ ረቡዕ ነው ወይስ ሐሙስ የሚመችሽ?» አለችኝ።

ማንም ሳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ ዘለልኩ። በአርባ ዓመቴ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

እስኪነጋ ተኛሁ። ሂትሮው አሁን ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ያውም በሳምንት ሦስቴ። ሰቢሃ «ከዳሽኝ» አለች፣ በሶብላ ወሰድኩላት፣ ታረቅን።

ጠዋት ጠዋት ከእማማ ጋር ነው የምናየው። እሳቸው ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያነሳሉ፣ እኔ ማንኪያ ይዤ እጠብቃለሁ። በመሀል ያወራሉ። ባላቸውን እንዴት እንዳገኙ፣ ኃይሌ በልጅነቱ እንዴት ያለ ፈሪ እንደነበር... አንዳንዴ ውሃው ከተስተካከለ በኋላም እንቀመጣለን።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

እማማ ውባንቺ ሄዱ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ልትወልድ ነው፣ አራስ ማን ያርሳታል? ቪዛቸው ጊዜ ነበረው። ቢቆዩ ብዬ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ... ለአራስ የሚሄድን ሰው ማን ያስቀራል?

ተሳፋሪ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጋ ሲደርሱ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወፍረሻል» አሉ። ኃይሌ እዚያው አለቀሰ። እኔ መኪና ውስጥ ነው ያለቀስኩት።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ኃይሌ ፎስፎሪኩን አዘዘልኝ። «አሁን እኮ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም» አለ። እውነት ነው። ጓንት፣ መነጽር፣ ወደ ውሃው ጠብ ጠብ... ቢጫ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ቢጫ።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

ቢጫ። ባለሙያዎቹ ልክ ናቸው። ለሮማንወርቅ አድርሼ ተመለስኩ። ጠዋት ክፍሉ ገብቼ ጠብታውን ነቀነቅሁ፣ አየሁት፣ የምጨምረው ነገር የለም። ወጣሁ። ኃይሌ ለግድግዳው የሚሆን መደርደሪያ መለካት ጀምሯል።

ግንቦት 23፣ እሑድ

ወለደች፣ ሴት ልጅ። እማማ ደወሉ። ከኋላ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ። የልጅቷን ነገር ሁሉ አውርተው ሲጨርሱ «ቀለሙ ምንድነው?» አሉኝ።

«ቢጫ ነው እማማ። ጠንካራውን አድርጌበታለሁ። አሁን አይነቃነቅም።»

«እሰይ። እንግዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

አልጋቸው ላይ ነበር የተቀመጥኩት። አንሶላውን ከሄዱ ጀምሮ አልቀየርኩትም። ይሄን ክፍል ስንት ቀን ተመኘሁት። ይኸው ባዶውን አገኘሁት፣ ውሃው ተስተካክሎ፣ በሶብላው ለምልሞ። ናፍቀውኛል። በቃ፣ ናፍቀውኛል።

«እማማ፣ ሕፃኗ ጠንከር ስትል... መስከረም ላይ ይመለሱልኝ።»

«ክፍሉን በሳጥን ሞልተሽው ይሆናል» አሉ።

«አልሞላሁትም።»

ኃይሌን ከሶፋው ቀሰቀስኩት። ቪዛውን አፕላይ አድርግ፣ መደርደሪያውን ተወው አልኩት። አንድም ነገር አልጠየቀኝም፣ ላፕቶፑን ከፈተ። ፎስፎሪኩን ከነጠርሙሱ ከነጽሑፉ አሽጌ በር ላይ አስቀመጥኩት፤ የሰቢሃ ወንድም አሎትመንት በሚሉት የኪራይ አትክልት ቦታ ላይ ግሪንሃውስ አለው፣ ለሱ ይሆናል። ከዚያ የማር ብርጭቆውን አወረድኩና ሲትሪክ በጠበጥኩ። ጊዜው ገና ነው፣ አውቃለሁ። እጄ ግን ከአሁኑ ይልመደው። ክፍሉ ሰው ሊገባበት ነው።